ተኛሁ ያልኩበት ሰዓትና እንቅልፍ የወሰደኝ ሰዓት

ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ናይት መሥራት ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገብቼ ጠዋት 1 ሰዓት እወጣለሁ። እዚህ የምጠራው ሰዓት ሁሉ የሐበሻ ነው፤ የፈረንጅ ሲሆን የፈረንጅ ነው እላለሁ። ይህን ቀድሜ የተናገርኩት በምክንያት ነው። በሰዓት አጠራር ብቻ ሥራ ላይ ተኝታ የምታድር ሴት ልባል ምንም አልቀረኝም ነበር።

የሌሊት ሠራተኞች ጥናት ውስጥ የገባሁት ባለፈው ጥር ነው። ከዚያ ቀደም ባለው ሳምንት ከሥራ ስመለስ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ እንቅልፍ ይዞኝ ሄዶ፣ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ክላክሱን ሲያንባርቅብኝ ነው የነቃሁት። ቤት ገብቼም እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሌሊት ሠራተኞችን አንጎልና የሰውነት ሰዓት ለማጥናት ፈቃደኞች እንደሚፈልግ የሚገልጽ ወረቀት ተለጥፏል። ለወራት ዓይቼ እንዳላየሁ ሳልፈው ቆይቼ ያን ሳምንት ስልክ ቁጥሩን ቀድጄ ወሰድኩ።

ከዚያ ወዲህ የሰማ ሁሉ ይጠይቀኛል። ቤተ ክርስቲያን ያገኘኋቸው አንዲት እናት "ውይ በሞትኩት፣ ጭንቅላትሽን ከፍተው አዩት?" ብለው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ማንም ምንም አልከፈተም። ናይት ለምትሠሩ፣ ወይም ሐኪም የእንቅልፍ ምርመራ ላዘዘላችሁ ምን እንደሚጠብቃችሁ ታውቁ ዘንድ ያለፍኩበትን ልንገራችሁ።

የስምምነት ወረቀቱ ብዙ ገጽ ነው። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት ግን አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እኔን በስልክ አገናኝተውኛል። ሦስት ነገር ጠይቄ ነው የፈረምኩት። አሠሪዬ ውጤቱን ያያል ወይ? አያይም። መሀል ላይ ልተው ብል ምክንያት እጠየቃለሁ ወይ? አልጠየቅም። በሽታ ቢገኝብኝ ይነገረኛል ወይ? ይነገረኛል፣ ሕክምናው ግን የራሴ ጉዳይ ነው። መልሱ ከጥናት ጥናት ይለያያልና ራሳችሁ ጠይቁ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሥራ ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ በየቀኑ የእንቅልፍ ማስታወሻ መሙላትና እጅ ላይ መለኪያ አስሮ መዋል። ቀላል ይመስላል። የተበላሸው ሁሉ የተበላሸው እዚህ ነው።

ማስታወሻው "አልጋ ውስጥ የገቡት ስንት ሰዓት ነው?" ይላል። ቀጥሎ "ለመተኛት የሞከሩት ስንት ሰዓት ነው?" ከዚያ "እንቅልፍ እስኪወስድዎ ስንት ደቂቃ ፈጀ?" አስተርጓሚዋ፣ እግዜር ይስጣት፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱንም "ስንት ሰዓት ተኙ?" ብላ አለፈቻቸው። አልፈርድባትም። በአማርኛ ጎኔን ካሳረፍኩ ተኝቻለሁ። ዓይኔ ፈጥጦ ጣሪያውን ሳይ ብውልም ተኝቻለሁ። ሰው ሲደውል ባሌ "ተኝታለች" ይላል፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬን እየነካካሁ። ለእነሱ ግን ጋደም ያልኩበትና እንቅልፍ የወሰደኝ ሰዓት ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ናቸው፤ እንዲያውም አጥብቀው የሚፈልጉት በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት ነው። እኔ ግን ስንት ቀን ሙሉ "3፡00፣ 3፡00፣ 0 ደቂቃ" እያልኩ ሞላሁ።

የእጅ መለኪያው ሰዓት ይመስላል፣ ፊቱ ግን ባዶ ነው። ውስጡ የእጅን እንቅስቃሴ ይቆጥራል፣ ብርሃን የምትለካ ትንሽ መስኮትም አለችው። በማትጽፉበት እጅ ይታሰራል። ጋደም ስትሉና ስትነሱ የምትጫኑት ቁልፍ አለ። እጅጌያችሁ መስኮቷን እንዳይሸፍናት ተጠንቀቁ። እኔ በዚያ ብርድ ካፖርቴን እስከ ጣቴ ስቤ ስሄድ ሰንብቼ፣ በመለኪያው አነጋገር የጥር ፀሐይ አንድም ቀን አልነካችኝም።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ተመራማሪዋ አንድ ትልቅ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችልኝ። እያንዳንዱ ቀን አንድ መስመር ነው፤ የተንቀሳቀስኩበት በጥቁር ሰረዝ ተሞልቷል፣ ያረፍኩበት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። ከጎኑ የእኔ ማስታወሻ አለ። አራት ቀኖች ላይ ጣቷን እያሳረፈች፣ "እዚህ በ3 ሰዓት ተኛሁ ብለሻል። መለኪያው ግን በዚያ ሰዓት ወዲያ ወዲህ ትያለሽ ይላል" አለችኝ። የምትለው የፈረንጁን ሌሊት 3 ሰዓት ነው፤ እኔ ሥራ ላይ የምሆንበትን። ልቤ ድንግጥ አለ። ሥራ ላይ እንደምተኛ በገዛ እጄ ጽፌ የሰጠሁ መሰለኝ።

ወረቀቱን ወደ እኔ ሳብ አድርጌ ሳየው ሳቄ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተጠንቅቄ በፈረንጅ ሰዓት ሞልቻለሁ። የደከመኝ ቀን ግን እጄ በለመደው ሄዷል፤ "3፡00" ያልኩት የእኛን የጠዋት 3 ሰዓት፣ የፈረንጁን 9 ነው። ጠዋትና ማታ የሚለየውንም ምልክት አላከበብኩም። ሐበሻ ቀኑን ከንጋት ጀምሮ እንደሚቆጥር፣ ፀሐይ ከወጣች አንድ ሰዓት ሲሆናት አንድ ሰዓት እንደምንል አስረዳኋት። እሷም ወንበሯ ላይ ቀና ብላ፣ "አይጥ ላይ የሚሠሩ ባልደረቦቼም የሚቆጥሩት እንደናንተ ነው" አለችኝ።

ቅር አልተሰኘሁም፣ ነገሩ እውነት ነው። የሰውነት ሰዓት የሚያጠኑ ሰዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ መብራት የበራበትን ቅጽበት ዜሮ ሰዓት ብለው ከዚያ ይቆጥራሉ። የዚህ አቆጣጠር ስሙ የዛይትጌበር ሰዓት ነው፤ ዛይትጌበር በጀርመንኛ ጊዜ ሰጪ ማለት ነው። ጊዜ ሰጪው ብርሃን ነው። የእኛ አያቶች ይህን ያለ ቤተ ሙከራ ያደረጉት አገሩ ስለፈቀደላቸው ነው። አዲስ አበባ ላይ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መሀል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ከአምስት ሰዓት ይበልጣል። እዚህ አገር በንጋት እቆጥራለሁ የሚል ሰው በየሳምንቱ ሰዓቱን ሲያስተካክል ሊኖር ነው።

ወረቀቱ ላይ ሌላም ነገር ነበር። በየቀኑ ማለት ይቻላል፣ በነጩ መሀል፣ ቀን 7 ሰዓት ላይ አጭር ጥቁር ሰረዝ አለ። "ይህ ምንድን ነው?" አለችኝ። ትንሽ አሰብኩና ገባኝ። በጥር እኛ ጋ ቀን 7 ሰዓት ሲሆን ደብረ ብርሃን ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። እማዬ እራቷን በልታ፣ ውዳሴዋን ደግማ፣ ከመተኛቷ በፊት ድምፄን ሰምታ ነው የምታድረው። ስልኩን አነሳለሁ፣ "ደህና ነኝ እማዬ" እላለሁ፣ እዘጋለሁ። ማስታወሻው ላይ "ስንት ጊዜ ነቁ?" ለሚለው ግን ዜሮ ነው የጻፍኩት። የእናትን ስልክ ማንሳት መንቃት ነው ብሎ ማን ይቆጥራል? ከስልኩ በኋላ የነበረው ነጭ ቦታም በትናንሽ ሰረዞች የተቆራረጠ ነው። ስገላበጥ የምውለው ለካ ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ማስታወሻ ስትሞሉ የምትጽፉበትን ሰዓት የፈረንጅ ብቻ አድርጉና ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። ጋደም ያላችሁበትንና እንቅልፍ የወሰዳችሁን ለዩ። ቡናውንም አትደብቁ። እኔ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ የምጠጣውን ስኒ ለሦስት ቀን ሳልጽፍ ቀርቻለሁ፤ ቡና ከጠጡት በኋላ ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ስድስት ሰዓት ይወስዳል፣ ማለትም አልጋዬ ውስጥ አብሮኝ ይገባል። መለኪያው ይህን አያውቅም። ዝም ብሎ የተቀመጠንና የተኛንም ሰው አይለይም። ፊልም ሳይ ያመሸሁበትን አንድ ምሽት እንቅልፍ ብሎ መዝግቦልኛል።

ቀጥሎ የላብራቶሪው አዳር መጣ። "ፀጉርሽን ታጥበሽ ነይ፣ ቅባት እንዳትቀቢ" ብለውኝ ነበር። ታጠብኩ። ችግሩ ለጥምቀት የተሠራሁት ሹሩባ ገና አልተፈታም፣ አክስቴ ደግሞ ለራስ ምታቴ ብላ በዚያው ሰሞን አናቴን በቅቤ አርሳኛለች። ቅቤ በአንድ እጥበት የሚለቅ ይመስላችኋል? ቴክኒሻኑ በሹሩባው መሀል ባለው መስመር ቆዳዬን አሸዋ አሸዋ በሚል ቅባት እየፈተገ፣ እየለካና በእርሳስ ምልክት እያደረገ፣ ትንንሽ ሽቦዎችን ይለጥፋል። ወዲያው አንዱ ይወድቃል። እንደገና ይፈትጋል። ከሌሊቱ 7 ሰዓትና 9 ሰዓት ላይ ገብቶ የወደቁትን መለሰልኝ፣ ጠዋት ደግሞ ትራሱ ቅቤ ቅቤ ይሸት ነበር። አፍሬ ይቅርታ ጠየቅኩት።

እንዲህ የሚጠበቡት ከአንጎል ወጥቶ ራስ ቅልን አልፎ የሚደርሳቸው ኤሌክትሪክ በቮልት ሚሊዮንኛ የሚለካ ስለሆነ ነው፤ ቅባት ከገባበት ጨርሶ ይጠፋል። ሐንስ በርገር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1924 ነው ይህን ሞገድ ከሰው ራስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው። ኢኢጂ የሚባለው እሱ ነው። ሽቦ ወደ ውስጥ አይገባም፣ ኤሌክትሪክም ወደ እናንተ አይላክም። ማዳመጥ ብቻ ነው። ቅጥያ ፀጉር ወይም ዊግ ያላችሁ አስቀድማችሁ ደውላችሁ ጠይቁ። ሹሩባ ሳስቶ ከተሠራ ችግር የለውም፣ ቅቤው ነው ጉዱ።

ከራስ ሌላ ዓይን ዳርና ዳር፣ አገጭ ላይ፣ ቅልጥም ላይ፣ ደረት ላይ ይለጠፋል። ደረትና ሆድ ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ ኦክስጅን የሚለካ መቆንጠጫ አለ። የአንዱን ጣት ጥፍር ቀለም አስለቅቁ። ይህ መቆንጠጫ በጠቆረ ቆዳ ላይ አንዳንዴ ኦክስጅንን ከትክክለኛው ከፍ አድርጎ እንደሚያነብም እወቁ፣ ሐኪማችሁንም አንሱለት። መብራት ከጠፋ በኋላ በድምፅ ማጉያ "ዓይንሽን ብቻ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ አምስት ጊዜ ጨፈን፣ ጥርስሽን ነከስ" ይሏችኋል፤ መሣሪያው መስማቱን ለማረጋገጥ ነው። ሽንት ቤት ለመሄድ ጥሪ ታደርጋላችሁ፣ ሽቦዎቹ የተሰካኩባትን ሣጥን አንገታችሁ ላይ ያንጠለጥሉላችኋል። በሬ የተጠመደ ያህል ይሰማል፣ ግን ይለመዳል።

ጠዋት "አንድ ደቂቃ አልተኛሁም" አልኩት። እሱም በትሕትና ስክሪኑን አዞረልኝ። አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ተኝቻለሁ። ሌሊቱን በ30 ሰከንድ በ30 ሰከንድ ቆራርጠው ነው የሚያነቡት። መጀመሪያ ሞገዱ ሳስቶ ዓይን ቀስ ብሎ የሚንከባለልበት አለ፤ እኛ ሸለብ አደረገኝ የምንለው ይመስለኛል። ከዚያ ድንገት እንደ እንዝርት የጠበበና የሰፋ የሞገድ ክር ብቅ ይላል፣ እነሱም ስሙን እንዝርት ነው የሚሉት። ከዚያ ትልልቅ ዝግ ያሉ ሞገዶች፣ ድብን ያለው እንቅልፍ። ሕልም የሚበዛበት ሲመጣ ደግሞ አንጎሉ የነቃ ይመስላል፣ ዓይን ይቅበዘበዛል፣ አገጭ ላይ ያለው መስመር ግን ጡንቻው ስለሚዝል ቀጥ ይላል። እኔ የማስታውሰው በየመሀሉ የነቃሁባቸውን ደቂቃዎች ብቻ ነው፣ እነሱን ገጣጥሜ ሙሉ ሌሊት አደረግኳቸው። በማያውቁት አልጋ የመጀመሪያው ሌሊት ለማንም ጥሩ አይሆንም፤ እነሱም ያውቁታልና አትጨነቁ። ትንፋሼ የተቋረጠው ወይም ያነሰው በሰዓት 3 ጊዜ ነው፤ ከ5 በታች ደህና ነው፣ ከ30 በላይ ከባድ የሚባለው ነው። ባሌ ቢለካ ስንት እንደሚያወጣ እኔና ጎረቤት እናውቃለን።

ከሁሉ ያሳፈረኝ ግን የአሥር ደቂቃዋ ፈተና ናት። ከሥራ እንደወጣሁ አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ፣ ስክሪን ላይ ቀይ ቁጥር ብቅ ሲል ቁልፍ መጫን ነው። ሌላ ምንም የለም። "ደክሞሻል?" ሲሉኝ "ደህና ነኝ" ብያለሁ፤ የምሬን ነው። ከግማሽ ሰከንድ በላይ የዘገየሁት 11 ጊዜ ነበር። በዕረፍት ቀኔ፣ ሌሊት ተኝቼ ስሞክረው 2 ጊዜ። ቀይ መብራቱ ላይ የነበረው ሰውዬ ታወሰኝ።

የሰውነት ሰዓቱን የለኩት በምራቅ ነው። የአንጎላችን ዋናው ሰዓት ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ቦታ ናት፣ የሁለቱ ዓይን ነርቮች ከሚገናኙበት ከፍ ብላ የተቀመጠች፣ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕዋሳት ያሏት። እዚያ ድረስ ማንም ሽቦ አይሰድም። ሰዓቷን ከፍተው ስለማያዩ ጠቋሚዋን ነው የሚያነቡት፤ በጨለማ የሚወጣውን ሜላቶኒን የተባለ ሆርሞን። ብርሃን ካየ ስለሚጠፋ፣ በዕረፍት ቀኔ ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሮ ደብዛዛ ክፍል ውስጥ ተቀመጥኩ። ስልክ የለም፣ መስኮት የለም፣ ሰዓት የለም። በየግማሽ ሰዓቱ አፌን አጥቤ ጥጥ ማኘክና ቱቦ ውስጥ መትፋት። ቡና፣ ቸኮሌት፣ ሙዝ ክልክል ነው። ለአንድ ሐበሻ ቡና ተከልክሎ ዘጠኝ ሰዓት መቀመጥ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም።

መሀል ላይ "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብዬ ጠየቅኩ። ምራቁን የሚሰበስበው ልጅ አልነገረኝም፣ ይልቅ ሚሼል ሲፍር የሚባለውን የፈረንሳይ ሰው ታሪክ አወራኝ። እ.ኤ.አ. በ1962 ያለ ሰዓት ሁለት ወር ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ፣ መስከረም 14 ሲያወጡት እሱ ቀኑ ነሐሴ 20 መስሎት ነበር። ቀን መቁጠሩ ቢጠፋበትም ሰውነቱ ግን በ24 ሰዓት ገደማ መተኛትና መነሳቱን አልተወም። የሰው ሰዓት በአማካይ ከ24 ሰዓት በጥቂት ደቂቃ ይረዝማል፤ በየቀኑ የሚያስተካክለው ብርሃን ነው። እኔም ገምቺ ስባል "ከምሽቱ 2 ሰዓት" አልኩ። ገና 12 ሰዓት ተኩል ነበር። የሆነው ይሁን፣ ለራቴ የተፈቀደልኝ ደረቅ ዳቦ መጣ።

አንጎልን ፎቶ የሚያነሳውን ኤምአርአይ በአጭሩ ልለፈው። ትልቅ ማግኔት ነው፣ ይጮኻል፣ የጆሮ መድፈኛ ይሰጣሉ። የሚያየው ሐሳባችሁን አይደለም፤ የሚሠራው የአንጎል ክፍል የሚስበውን ኦክስጅን የያዘ ደም ነው። የፀጉር ሽቦና ጆሮ ጌጥ ይወልቃል። ማተቤን አውልቂ ስባል ደንግጬ ነበር፤ ክሩ ችግር የለውም፣ ብረት መስቀሉ ብቻ ነው የሚወጣው። ክሬን አንገቴ ላይ ትተውልኝ መስቀሉን በፖስታ አስቀመጡልኝ።

ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ሜላቶኒን መውጣት የጀመረው ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሠርቼ፣ ሰዓቴ ቀን ሠርቶ ማታ ከሚተኛ ሰው ብዙም አይለይም። እኔ ወደ ሥራ ስነሳ እሱ ተኚ ይለኛል። ከሌሊቱ 10 እና 11 ሰዓት መሀል ሹራቤ ላይ ነጠላ እየደረብኩ የማማርረው ኤሲም ጥፋት የለበትም፤ የሰውነት ሙቀት ዝቅ የሚለው ያኔ ነው። ብዙ የሌሊት ሠራተኛ እንዲሁ ነው አለችኝ ተመራማሪዋ። ጠዋት ስወጣ ፀሐይ ትቀበለኛለች፣ በዕረፍት ቀኔ ከልጆቼ ጋር ቀን እውላለሁ፣ ሰዓቷም በየሳምንቱ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች።

ልጆቼን ልተው አልችልም፣ ሥራውንም እንዲሁ። የቀየርኩት ጥቂት ነው። መኝታ ቤቱን በወፍራም መጋረጃ አጨለምኩ። የሌሊቱን ቡና ከ8 ሰዓት በኋላ አልነካም። በተለይ ተከታታይ ሌሊት ከሠራሁ መኪና ትቼ በአውቶቡስ እመለሳለሁ። ስልኬ ቀን ይዘጋል፣ እማዬን የምደውልላት እኔ ነኝ፣ ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። ደብረ ብርሃን ያኔ ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ነው፤ ሁለተኛውን እየቀዳች ታገኘኛለች።

በመጋቢት እዚህ ሰዓት ሲቀየር በዚያው በ1 ሰዓት ተኩል ደወልኩ። እሷ ጋ ገና 8 ሰዓት ተኩል ነው።

"ምነው ልጄ፣ ደህና አይደለሽም?" አለችኝ።

"ደህና ነኝ እማዬ፣ ሰዓት ተቀይሮ ነው።"

"ፀሐይዋ እዚያው ናት" አለች። "ቡናው ገና አልተቆላም፤ ግቢና ተኚ፣ ስነሳ እደውልልሻለሁ በይኝ።"